ውሰት ወይስ ርቢ? ወጣት ተጫዋችን ለትንሽ ክለብ የማዋስ ታሪክ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትጓዙ ሸዋ ሮቢትን አልፋችሁ፣ አጣዬ ከመድረሳችሁ በፊት ሰንበቴን ታገኛላችሁ። በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን፣ በጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ያለች ከተማ ናት። ስሟ ራሱ ቀኑን ይናገራል፤ ገበያዋ እሑድ ነው። አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ ከቆላ ይመጣል፤ ኦሮሞው፣ አማራውና አርጎባው እህሉንና ከብቱን ይዞ ይወርዳል። በወሎና በሰሜን ሸዋ መንገድ ላይ ትልልቅ ከሚባሉት ገበያዎች አንዱ ነው።

እስቲ ለአፍታ በዚህ ገበያ መሀል ቆማችሁ ሦስት ቃላትን አስቡ፦ ብድር፣ ውሰት፣ ርቢ።

ጎረቤታችሁ አንድ ቁና ማሽላ ቢበደራችሁ ያንኑ ማሽላ አይመልስላችሁም፤ በልቶታላ! ልኩን፣ ዓይነቱን ይመልሳል። ይህ ብድር ነው። ምጣድ ወይም መጥረቢያ ከወሰደ ግን መመለስ ያለበት ያንኑ ምጣድ፣ ያንኑ መጥረቢያ ነው። ይህ ውሰት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም እነዚህን ሁለት ውሎች ለያይቶ ነው የሚያያቸው። ሦስተኛው፣ በብዙ የሰሜን ኢትዮጵያ ገጠሮች የሚታወቀው፣ ርቢ ነው። ባለላም ላሙን ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ተቀባዩ ያበላታል፣ ይጠብቃታል፣ ወተቷን ይጠጣል፤ ጥጃ ስትወልድ ደግሞ ሁለቱ ይካፈላሉ። ዝርዝሩ እንደየአካባቢው ቢለያይም ሐሳቡ አንድ ነው፦ ያሳደገ ሰው ካደገው ድርሻ አለው።

ይህን ሁሉ የማነሳው ስለ እግር ኳስ ላወራችሁ ነው። በየዝውውር መስኮቱ “ወጣቱ አጥቂ በውሰት ውል ወደ ከፍተኛ ሊጉ ክለብ አመራ” የሚል ዜና ትሰማላችሁ። የስፖርት ጋዜጠኞቻችን ቃሉን በትክክል መርጠዋል። ትልቁ ክለብ ልጁን ይሰጣል፤ ጊዜው ሲደርስ ያንኑ ልጅ ይመልሳል። ነገሩ ግን አንድ ችግር አለበት። ምጣድ በተዋሰው ሰው ቤት አያድግም፤ የ18 ዓመት ልጅ ግን ያድጋል። ታዲያ ያ ዕድገት የማን ነው? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው፤ መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ ወደ ኋላ መሄድ አለብን።

በእርግጥ የሚዋሰው ምንድን ነው?

ሰው እንደ ዕቃ አይዋስም። ክለቦች የሚዋዋሱት የተጫዋቹን ምዝገባ ነው። ይህ ሐሳብ ከየት መጣ?

እንግሊዝ ውስጥ ለመጫወት ገንዘብ መክፈል የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። ብዙም ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. በ1893፣ የሊጉ ክለቦች አንድ ደንብ አጸኑ፦ አንድ ጊዜ ለአንድ ክለብ የተመዘገበ ተጫዋች ያ ክለብ ካልፈቀደ ወደ ሌላ መሄድ አይችልም። ውሉ ቢያልቅ እንኳ! ክለቡ ደመወዝ ባይከፍለውም ምዝገባውን ይዞ ሊያስቀረው ይችል ነበር። ስለዚህ ምዝገባው ራሱን የቻለ ንብረት ሆነ፤ ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ ይዋሳል።

ይህን አሠራር ፍርድ ቤት ያናወጠው ከ70 ዓመት በኋላ ነው። ጆርጅ ኢስትሃም የተባለ የኒውካስል ተጫዋች ክለቡ አልለቅህም ሲለው መጫወቱን ትቶ ሌላ ሥራ ያዘ፤ በመጨረሻ ወደ አርሰናል ቢዛወርም ክሱን አልተወም። እ.ኤ.አ. በ1963 ዳኛው አሠራሩ የሰውን የመሥራት ነፃነት ያለአግባብ ይገድባል ሲሉ ፈረዱ። ከዚያ ታኅሣሥ 1995 እ.ኤ.አ. ቤልጅየማዊው ዣን-ማርክ ቦስማን በአውሮፓ ፍርድ ቤት ሲረታ፣ ውሉ ያለቀ ተጫዋች ያለ ዝውውር ክፍያ እንዲሄድ መንገዱ ተከፈተ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከቦስማን በኋላ ክለብ ተጫዋችን መያዝ የሚችለው በውል ዘመን ብቻ ነው። በአውሮፓ ትልልቅ ክለቦች ለወጣቶች ረጅም ውል መስጠት ጀመሩ፤ ልጁ ለዋናው ቡድን ካልደረሰ ደግሞ እንዲበስል ወደ ትንሽ ክለብ ይልኩታል። ረጅም ውል ከሌለ ውሰት የለም። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ አገራችን ስንመለስ ታስፈልገናለች።

ለምን ትንሽ ክለብ?

በታዳጊ ቡድን ውስጥ ያለ ልጅ የሚጫወተው ከእኩዮቹ ጋር ነው። ቢሸነፍ አሰልጣኙ ይቆጣዋል፣ በቃ። በታችኛው ሊግ ግን አጠገቡ የቆመው የ32 ዓመት ተከላካይ ሁለት ልጆች አሉት፤ ቡድኑ ከወረደ ደመወዙ ይነካል። በእንዲህ ያለ ጨዋታ ኳስ ማባከን ዋጋ አለው። ልጁ ልምምድ ሜዳ ላይ የማያገኘውን ይማራል፦ ጎትቶ ከሚጥለው ተከላካይ ጋር መታገል፣ በጭቃ ሜዳ ላይ ቶሎ መወሰን፣ ተመልካች ሲጮህበት ራስን መግዛት።

ዴቪድ ቤካም እ.ኤ.አ. በ1995 መጀመሪያ፣ በ19 ዓመቱ፣ ከማንችስተር ዩናይትድ ወደ ፕሬስተን ኖርዝ ኤንድ በውሰት ሄደ። ፕሬስተን ያኔ በእንግሊዝ አራተኛው እርከን ላይ ነበር። አምስት ጨዋታ ብቻ ተጫወተ፤ ሁለት ግብ አገባ፤ አንዷ በመጀመሪያ ጨዋታው በቀጥታ ከማዕዘን ምት የገባች ናት።

ሃሪ ኬን ደግሞ ጥር 2011 እ.ኤ.አ. ላይ ከቶተንሃም ወደ ሌይተን ኦሪየንት ሲላክ 17 ዓመቱ ነበር። በሦስተኛው እርከን 18 የሊግ ጨዋታ ተሰልፎ 5 ግብ አስቆጠረ። ከዚያ ሚልዎል፣ ኖርዊች፣ ሌስተር። ሁሉም አልሰመረለትም፤ ኖርዊች ላይ ተጎዳ፣ ሌስተር ላይ ተቀያሪ ወንበር ላይ የቆየባቸው ጨዋታዎች ነበሩ። ዛሬ የምናውቀው ኬን ግን በእነዚያ አራት ክለቦች በኩል ያለፈው ነው።

የእኛው ልጅ በግላስጎውና በቬንሎ

ለእኛ ቀረብ የሚለውን ታሪክ ልንገራችሁ። ጌዲዮን ዘላለም ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ጥር 1997 እ.ኤ.አ. በርሊን ተወለደ። በልጅነቱ ወደ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ሄደ፤ እዚያ ሲጫወት የአርሰናል መልማዮች አዩትና እ.ኤ.አ. በ2013 ለንደን ገባ። ጥር 2014 እ.ኤ.አ. በኤፍ ኤ ካፕ ከኮቨንትሪ ጋር ሲሰለፍ፣ አርሰን ቬንገር አርሰናልን ከያዙ በኋላ ተወልዶ በእሳቸው ሥር ለዋናው ቡድን የተሰለፈ የመጀመሪያው ተጫዋች ሆነ። እሳቸው ክለቡን የያዙት ጥቅምት 1996 እ.ኤ.አ. ነው፤ ልዩነቱን አስሉት።

ይሁን እንጂ በአርሰናል አማካይ ቦታ ላይ ለልጅ ክፍት ወንበር አልነበረም። እናም በ2015 መጸው እ.ኤ.አ. በውሰት ወደ ስኮትላንዱ ሬንጀርስ ሄደ። ሬንጀርስ ትልቅ ስም ያለው ክለብ ቢሆንም በ2012 በገንዘብ ውድቀት ምክንያት ወደ አራተኛው እርከን ተወርውሮ፣ ያኔ በሁለተኛው ላይ ሆኖ ወደ ላይ እየታገለ ነበር። ዓመቱ መልካም ሆነ፦ ሬንጀርስ ሊጉን አሸንፎ አደገ፣ በስኮትላንድ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ሴልቲክን በመለያ ምት ጣለ። ግንቦት 2016 እ.ኤ.አ. ላይ በተደረገው ፍጻሜ በሂበርኒያን 3 ለ 2 ሲሸነፉ የ19 ዓመቱ ጌዲዮን ሜዳ ላይ ነበር።

ጥር 2017 እ.ኤ.አ. ላይ ደግሞ ወደ ሆላንዱ ቪቪቪ ቬንሎ ተላከ። ቬንሎ በማስ ወንዝ ዳር፣ በጀርመን ድንበር ላይ ያለች ከተማ ናት። ስታዲየሙ “ጉድጓድ” የሚል ትርጉም ያለው ስም ነው ያለው፤ ተጫዋቾች ወደ ሜዳው የሚገቡት ረጅም ደረጃ ወርደው ነው። ትንሽ ክለብ፣ ሁለተኛ እርከን። በዚያው ዓመት ቬንሎ የሊጉ አሸናፊ ሆኖ ወደ ላይ አደገ።

ሁለት ውሰት፣ ሁለት ዕድገት። ከዚያስ? ግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ላይ ጌዲዮን ለአሜሪካ ከ20 ዓመት በታች ቡድን በደቡብ ኮሪያው የዓለም ዋንጫ ሲጫወት፣ ገና በመጀመሪያው ጨዋታ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። በአርሰናል ዋና ቡድን የተሰለፈባቸው ጨዋታዎች በጣት የሚቆጠሩ ሆነው ቀሩ፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ሊግ ተመለሰ።

ይህን ታሪክ ከኬን ጋር አብራችሁ እዩት። ውሰት በር ይከፍታል እንጂ ማንም በበሩ እንደሚያልፍ ዋስትና አይሰጥም። ከዚህ የሚከተለው ቁም ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ ከብዙ ተዋሽ ልጆች ጥቂቶቹ ብቻ ትልቅ የሚሆኑ ከሆነ፣ ብዙዎቹን የሚያስተናግደው ትንሽ ክለብ ልፋቱ የሚካሰው በምንድን ነው?

ወደ አገር ቤት

በእኛ አገር ወጣት ተጫዋች የሚያድግበት መንገድ ሌላ ነበር። ቅዱስ ጊዮርጊስ የተመሠረተው ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው ሻምፒዮና በ1936 ዓ.ም. ሲደረግ አምስት ቡድኖች ተሳተፉ፦ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሌላ የአርመኖች፣ የግሪኮች፣ የጣሊያኖችና የእንግሊዝ ወታደራዊ ልዑክ ቡድኖች። ከዚያ በኋላ ሜዳውን የሞሉት የጦር ሠራዊትና የፋብሪካ ቡድኖች ናቸው። መቻል የሠራዊቱ ነበር፤ በ1950ዎቹ ደጋግሞ ዋንጫ ያነሣው የድሬዳዋው ጥጥ ደግሞ ስሙ እንደሚናገረው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቡድን ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣው የይድነቃቸው ተሰማ ቡድን የዚህ ሥርዓት ፍሬ ነው።

በዚያ ሥርዓት ጎበዝ ልጅ ሲገኝ ይቀጠራል፤ ወታደር ወይም ሠራተኛ ይሆናል። መሥሪያ ቤቱ ራሱ ነው የሚያሳድገው። ውሰት የሚባል ነገር አያስፈልግም ነበር።

ፕሪምየር ሊጉ በ1990 ዓ.ም. ሲጀመር ሥዕሉ ተለወጠ። ተጫዋችነት ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ፤ የከተማ አስተዳደሮች በጀት መድበው የሚያንቀሳቅሷቸው “ከተማ” የሚል ቅጥያ ያላቸው ክለቦች በዙ። ከሰንበቴ ወደ ሰሜን መንገዱን ብትከተሉ ይህን በዓይናችሁ ታያላችሁ። አጣዬንና ከሚሴን አልፋችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ወሎ ኮምቦልቻ፣ ከፍ ስትሉ ደሴ ከተማ፤ ሁለቱም በከፍተኛ ሊጉ ስማቸው የሚታወቅ። ወልድያ ደግሞ በ2007 ዓ.ም. ፕሪምየር ሊግ ገብቶ፣ ወርዶ፣ በ2009 ተመልሶ፣ በ2010 እንደገና ወርዷል። በ2009 ዓ.ም. ጥር ላይ የተመረቀው ትልቁ የወልድያ ስታዲየም ዛሬም አለ።

እንዲህ ላሉ ክለቦች የተዋሰ ወጣት መልካም ነገር ነው። የአዲስ አበባ ትልልቅ ክለቦች ከ20 ዓመት በታች ቡድናቸው ውስጥ ዋናው ቡድን የማይደርስላቸው ልጆች አሏቸው፤ ታችኛው ሊግ ያሉት ደግሞ ጉልበትና ፍጥነት ይፈልጋሉ። ታዲያ ውሰቱ ለምን ብዙ አይታይም?

ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን ነጥብ አሁን መልሱልኝ። ውሰት ረጅም ውል ይፈልጋል። በአገራችን የተለመደው ግን የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ውል ነው። ልጁን ለአንድ ዓመት ብታውሱት ውሉ እዚያው ያልቃል፤ የሚመለስ ነገር የለም። ስለዚህ ክለቡ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፦ ወይ ወንበር ላይ አስቀምጦ ዓመት ያባክንበታል፣ ወይ ያሰናብተዋል። የተሰናበተው ልጅ ወደ ትንሹ ክለብ ቢሄድም መልሶ የሚጠብቀው የለም፣ የሚከታተለው አሰልጣኝም የለም።

ዳባሬና ርቢ

ወደ ገበያው ቃላት እንመለስ። በቦረና ኦሮሞ ዘንድ “ዳባሬ” የሚባል የቆየ ልማድ አለ። ከብት ያለው ሰው ለሌለው ዘመዱ ወይም ጎረቤቱ የምትታለብ ላም ይሰጠዋል። ተቀባዩ ወተቱን ይጠጣል፤ ላሟም ጥጆቿም ግን የባለቤቷ ናቸው። የተራበን ቤት ለማቆም የተበጀ ደግ ሥርዓት ነው።

ብዙው የእግር ኳስ ውሰት ከዳባሬ ጋር ይመሳሰላል። ትንሹ ክለብ ወተቱን፣ ማለትም ለአንድ ዓመት የልጁን ጨዋታ ያገኛል። ጥጃው፣ ማለትም ያደገው ዋጋ፣ ወደ ትልቁ ይመለሳል። ልዩነቱ ግን በዳባሬ ላሟን የሚሰጠው ተቀባዩን ለመርዳት ሲሆን፣ በእግር ኳስ አዋሹ በዋናነት የሚያስበው ስለራሱ ላም ነው። ይህ ሲበዛ ትንሹ ክለብ የሰው ልጅ ማሳደጊያ ብቻ ሆኖ ይቀራል። “የሰው ወርቅ አያደምቅ” የሚባለው ለዚህ ነው፤ በተዋሱት ልጆች ያደገ ቡድን ልጆቹ ሲመለሱ ባዶውን ይቀራል፤ በተዋሾቹ ምክንያት ወንበር ላይ የቀረው የራሱ ከተማ ልጅ ደግሞ ሳይበስል ይቆያል።

ፊፋም ይህን አይቶ ከሐምሌ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም አቀፍ ውሰትን ገደበ። አንድ ክለብ ሊያውሰውም ሆነ ሊዋሰው የሚችለው ተጫዋች መጀመሪያ 8፣ በ2023 ወደ 7፣ ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ወደ 6 ወረደ። ከሁለት ክለቦች መካከል አንዱ ከሌላው በአንድ ጊዜ ከሦስት በላይ መዋስ አይችልም። ውሰት ከአንድ ዓመት አይበልጥም፤ የተዋሰ ክለብ ለሦስተኛ አያውስም፤ ስምምነቱ በጽሑፍ መሆን አለበት። ከቁጥሩ ገደብ ነፃ የሆኑት 21 ዓመትና ከዚያ በታች ያሉትና ክለቡ ራሱ ያሳደጋቸው ናቸው። ምክንያቱም ለእነሱ ውሰት በእርግጥ ትምህርት ቤት ነው።

ከዚህ ሁሉ ግን ለትንሽ ክለብ ዋናው ሌላ ደንብ ነው፤ ወደ ርቢ የሚቀርበው እሱ ነው። ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ከአገር ወደ አገር በክፍያ ሲዛወር፣ ከክፍያው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። በውሰት የያዘው ክለብም በዚህ ይቆጠራል። እስቲ እናስላው። ዝውውሩ 1 ሚሊዮን ዶላር ቢሆን 5 በመቶው 50,000 ዶላር ነው። ከ12 እስከ 15 ላሉት አራት ዓመታት ለእያንዳንዱ 2,500፤ ከ16 እስከ 23 ላሉት ስምንት ዓመታት ለእያንዳንዱ 5,000። ልጁን በ19 ዓመቱ ለአንድ ሙሉ የውድድር ዓመት የተዋሰ ክለብ 5,000 ዶላር ይደርሰዋል። ከ12 እስከ 17 ዓመቱ ያሳደገው ደግሞ 20,000። ለለንደን ክለብ ምንም ነው፤ ለአንድ የወሎ ክለብ ግን ኳስ፣ ማልያና የመንገድ ወጪ ነው።

በአገር ውስጥ ዝውውር ይህ ስሌት በራሱ አይሠራም። ላሳደገ ክለብ ዋጋ የሚመልስ የራሱን ሥርዓት ማበጀት የየአገሩ ፌዴሬሽን ድርሻ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ገንዘቡ የሚከፋፈለው በመዝገብ ነው። ከኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መቀመጫውን ፓሪስ ያደረገው የፊፋ የክፍያ ማዕከል፣ ልጁ የት የት እንደተመዘገበ የሚያሳይ ኤሌክትሮኒክ የተጫዋች ፓስፖርት እያየ ነው የሚያከፋፍለው። በአሰልጣኞች የስልክ ንግግር የተደረገ “ለስድስት ወር ያዝልኝ” የሚል ውሰት በዚያ ፓስፖርት ላይ የለም። በመዝገብ ከሌለ ደግሞ እንዳልነበረ ይቆጠራል።

ብድር በምድር

በግንቦት 2020 እ.ኤ.አ. ዓለም በወረርሽኝ ተዘግቶ ትንንሽ ክለቦች ገቢ ሲያጡ፣ ሃሪ ኬን የሌይተን ኦሪየንትን ማልያ ስፖንሰር አደረገ። ማልያው ላይ ግን የራሱን ስም አላጻፈም፤ ለጤና ሠራተኞች ምስጋናና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ስም እንዲሰፍር አደረገ። በ17 ዓመቱ ተቀብለው ያጫወቱትን አልረሳም። እኛ ይህን “ብድር በምድር” እንለዋለን። ደስ ይላል፤ ግን የአንድ ሰው ደግነት ነው፤ ሥርዓት የሚገነባው በዚህ አይደለም።

እንግዲህ እናንተ የወጣት ተጫዋች አባት፣ እናት፣ አሰልጣኝ ወይም የክለብ ኃላፊ ከሆናችሁ፣ የውሰት ወረቀት ፊታችሁ ሲቀርብ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ልጁ በእርግጥ ይሰለፋል ወይስ ወንበር ከወንበር ይለውጣል? ስምምነቱ ተጽፎ ፌዴሬሽኑ ዘንድ ተመዝግቧል? ልጁ ነገ ቢሸጥ ትንሹ ክለብ ድርሻ አለው? ሦስተኛውን ለመጻፍ ማንንም መጠበቅ አያስፈልግም፤ ሁለት ክለቦች ተስማምተው ከወደፊት ሽያጩ ይህን ያህል በመቶ ለአሳዳጊው ብለው በውላቸው ሊያሰፍሩት ይችላሉ።

አዲስ ነገር አይደለም እኮ። ላም ለርቢ የሚሰጥ ገበሬ መጀመሪያ ሽማግሌ ይጠራል፤ ጥጃው እንዴት እንደሚካፈል ይነገራል፣ ምስክር ይሰማል፣ ከዚያ ገመዱ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። የእግር ኳሳችን ክለቦች ሊማሩት የሚገባ ነገር ቢኖር ይህ ቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ የጥጃው ነገር፣ ከዚያ ገመዱ።